በጥቁሩ መስኮት ትእዛዝ ስለ መጻፍ

ከአንባቢዎቻችን አንዱ፥ የመሥሪያ ቤት ኀላፊና የሁለት ልጆች አባት የሆኑ ሰው፥ በላኩልን ደብዳቤ ስለ ታላቋ ልጃቸው ይጠይቁናል። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማታ ማታ በአሮጌ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ፥ ሥዕልም ጌጥም በሌለው ጥቁር መስኮት ላይ አጫጭር ቃላት ትጽፋለች፤ ከጎኗም ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ባለስምንት እግር ጥቁር ዕቃ በሽቦዎች መካከል ተሰክታ ትታያለች። ምን እንደምትሠራ ስትጠየቅ «በገጣጣሚ እያዘዝኋት ነው» ከማለት በቀር አታስረዳም። አባትየው የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ ይህ ሥራ ትምህርት ነው ወይስ ጊዜ ማባከን? አዲስ ኮምፒዩተርስ ሊገዛላት ይገባልን?

ሁለተኛው ጥያቄ መልሱ አጭር ስለሆነ እርሱን እናስቀድም። አዲስ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ልጅቱ የምትሠራበት ፕሮግራም አቭራ የሚባል ሲሆን በነፃ የሚገኝ ነው። የተጻፈ ነገር ተቀብሎ ሌላ የተጻፈ ነገር ከመመለስ በቀር ሥራ የለውም፤ ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ አርጅቷል ብሎ ከጥግ ያስቀመጠው ኮምፒዩተር ያለ ችግር ያሠራዋል። ትርፍ ገንዘብ ካለ ለመለዋወጫ ቺፖች፥ ለትንንሽ መብራቶች፥ ለሬዚስተሮችና ለአንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቢውል ይሻላል።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ያቺ ባለስምንት እግር ዕቃ ማይክሮኮንትሮለር ትባላለች። የሚያሰላውን ክፍል፥ የሚያስታውሰውን ክፍልና ከውጭ ጋር የሚያገናኙትን እግሮች ሁሉ በአንድ ቺፕ ጠቅልላ የያዘች ሙሉ ኮምፒዩተር ማለት ናት። በልብስ ማጠቢያ መኪና፥ በሕክምና መለኪያ፥ በልጆች መጫወቻ ውስጥ ተሰውራ የምትሠራው እርስዋና መሰሎቿ ናቸው። ከደብዳቤው እንደ ተረዳነው ልጅቱ የያዘቻት ኤቲታይኒ 13 የምትባለው ናት። ለትእዛዝ ማኖሪያ የተሰጣት ቦታ 1,024 ባይት ብቻ ነው። የግእዝ ፊደል በዛሬው የኮምፒዩተር አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚፈጅ፥ ይህች ቺፕ የምትይዘው 341 ፊደል ያህል ነው፤ የዚህን ዐምድ የመጀመሪያ አንቀጽ እንኳ ጨርሳ አትይዝም። ለጊዜያዊ ሥራ 64 ባይት አላት፤ ከዚያ ሌላ ሬጅስተር የሚባሉ 32 ትንንሽ ቦታዎች አሏት፥ እያንዳንዳቸውም ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይይዛሉ። በቢሮ ሬጅስተር ስንል መዝገብ ማለታችን ነው። የቺፗ ሬጅስተር ግን በመደርደሪያ የሚቀመጠውን መዝገብ አይመስልም፤ ጸሓፊው በእጁ ይዞ የሚደምርበትን ቍራጭ ወረቀት ይመስላል።

ቺፗ የምታውቀው ቁጥር ብቻ ነው። «በ18ኛው ሬጅስተር ላይ 6 ጫን» ለማለት፥ ለእርስዋ የሚደርሳት 1110000000100110 የሚል ባለ 16 አኀዝ ቁጥር ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ቁጥር ደርድሮ መጻፍ ይችል ይሆናል፥ ነገር ግን ቢሳሳት ስሕተቱን አያየውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አጭር ምልክት ተሰጠው፤ ላሁኑ ትእዛዝ ምልክቱ «ኤል ዲ አይ» ነው። ምልክቶቹን አንብቦ ወደ ቁጥር የሚመልሰው ፕሮግራም በፈረንጆች ቃል አሰምብለር፥ በእኛም ገጣጣሚ ይባላል። አሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር ሥራ ሲጀምር፥ ዴቪድ ዊለር የተባለው ወጣት የጻፋቸው 31 የመነሻ ትእዛዞች ነበሩት፤ እነርሱም ሰው በፊደልና በተራ ቁጥር የጻፈውን መሣሪያው ወደሚያውቀው ቁጥር ይለውጡ ነበር። የልጅቱ ቺፕ ወገን የሆነውን ኤቪአርን ደግሞ በኖርዌይ አገር በትሮንድሃይም ተማሪዎች የነበሩት አልፍ ኤጊል ቦገንና ቬጋርድ ዎላን አስበው ጀመሩት፤ አትሜል የተባለው ኩባንያ ለገበያ አዋለው፤ አትሜልንም እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ማይክሮቺፕ ገዛው።

አማርኛ በመማር ላይ ላላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ከዚህ ሥራ የሚገኝ አንድ ያልታሰበ ጥቅም አለ። የገጣጣሚው ቋንቋ ከዳር እስከ ዳር ትእዛዝ አንቀጽ ነው። በቢሮ የምንማረው አማርኛ ግን «እንዲፈጸም እናሳስባለን»፥ «እንዲደረግ ይሁን» በሚል የተሞላ ስለሆነ፥ ቀጥታ የሚያዝዝ ግሥ እምብዛም አይገኝበትም። አማርኛ የአፍ መፍቻችን ያልሆነ እኛን የመሳሰሉ ሰዎች ረጅሙን የደብዳቤ ዐረፍተ ነገር በሚገባ ጽፈው፥ «ጫን»፥ «ቀንስ»፥ «ዝለል» ማለት ሲገባቸው ይደናቀፋሉ። ገጣጣሚው በየትእዛዙ መስመር ላይ ከነጠላ ሰረዝ ጋር ነጥብ የተደረበበት ምልክት ሲያይ፥ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ዘልሎ ያልፈዋል፤ ይህ ቦታ ለሰው ማስታወሻ የተተወ ነው። በዚያ ቦታ የእያንዳንዱን ትእዛዝ ትርጉም በአማርኛ መጻፍ መልካም ልምምድ ነው። የትእዛዞቹ ምልክቶችና የቦታዎቹ መለያ ስሞች ግን በላቲን ፊደል እንደ ሆኑ መቅረት አለባቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፥ «ጫን» እና «ተጫን» አንድ አይደሉም። «ጫን» ማለት ሸክምን በሌላ ነገር ላይ ማኖር ነው፤ «ተጫን» ግን በእጅ ወደ ታች መግፋት ነው፥ እንደ ደወል ቍልፍ። «ኤል ዲ አይ» የሚተረጐመው በመጀመሪያው ነው። ሁለተኛ፥ ለኀላፊ «ይጫኑ»፥ ለሴት ልጅ «ጫኚ»፥ ለብዙዎች «ጫኑ» እንላለን፤ ለቺፕስ? አማርኛ ትንንሽ ዕቃን በሴት ስለሚጠራ እኛም እስካሁን «ትንሿ» እያልን መጥተናል፥ እንደዚያ ከሆነ «ጫኚ» ማለት በተገባን ነበር። በመዝገበ ቃላትና በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው ግን የወንዱ አነጋገር ስለሆነ «ጫን» ማለቱን እንመርጣለን። «እባክዎ ይጫኑ» የሚል ማስታወሻ ያየንበት ጊዜ አለ፤ ጨዋነቱን እናመሰግናለን፥ ሆኖም ቺፗ ማዕርግ የላትም።

ማስታወሻውም ትእዛዙን ደግሞ የሚናገር ብቻ ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው። «በ18ኛው ላይ 6 ጫን» ከማለት ይልቅ «አንድ ሰከንድ ያህል እንዲቆይ 6 ዙር ቍጠር» ቢባል፥ ከስድስት ወር በኋላ የሚያነብበው ሰው ምክንያቱን ያገኛል።

አሁን አንዲት ትንሽ መብራት የሚያበራና የሚያጠፋውን ፕሮግራም እንመልከት፤ ልጆች ሁሉ የሚጀምሩት በእርሱ ነው። መብራቷ ከቺፗ 3ኛ እግር ጋር 330 ኦም በሆነ ሬዚስተር በኩል ትገናኛለች። ይህ እግር በፕሮግራሙ ውስጥ የሚታወቀው በ4 ቁጥር ነው፤ የእግሩ ተራና የፕሮግራሙ ቁጥር ስለማይመሳሰሉ ጀማሪ ሁሉ አንድ ጊዜ እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። በመጀመሪያ «ኤስ ቢ አይ» በሚለው ትእዛዝ እግሩ ወደ ውጭ የሚሰጥ እንዲሆን ይደረጋል። ቀጥሎ በዚያው ትእዛዝ በሌላ አድራሻ ላይ 1 ሲጻፍ መብራቷ በርታ ከነበረች ትጠፋለች፥ ጠፍታ ከነበረች ትበራለች። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መቆየት ነው፤ ቺፗ ግን መቆየት አታውቅም። ቆይ ካልናት እስክትደክም ማስቈጠር አለብን።

ማስቈጠሩም እንደሚከተለው ነው። በ16ኛው ሬጅስተር 0 እንጭናለን፤ «ዲ ኢ ሲ» አንድ ይቀንሳል፤ «ቢ አር ኤን ኢ» ደግሞ ውጤቱ ዜሮ ካልሆነ ወደ ኋላ ይመልሳል። ከ0 ላይ 1 ሲቀነስ ሬጅስተሩ ወደ 255 ስለሚዞር፥ 0 መጫን 256 ዙር ማለት ነው። መቀነሱ 1 የሰዓት ምት፥ መመለሱ 2 ምት ይፈጃል፤ በመጨረሻው ዙር ግን መመለስ ስለሌለ 1 ምት ይቀራል፤ ድምሩ 767 ነው። ይህን ሁሉ በ17ኛው ሬጅስተር ሌላ 256 ጊዜ ስናስደግመው 197,119 ምት፥ በ18ኛው ደግሞ 6 ጊዜ ስናስደግመው 1,182,731 ምት ይሆናል። ከፋብሪካ እንደ ወጣች ቺፗ በሰከንድ 1,200,000 ምት ስላላት፥ ቆይታው ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ያነሰ ነው። በመጨረሻ «አር ጄ ኤም ፒ» ወደ መጀመሪያው ይዘልላል። ሁሉም 12 ትእዛዝ፥ 24 ባይት ነው።

አባትየው ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ይህን ሒሳብ በወረቀት አብረዋት ቢሠሩ፥ ትምህርት ነው ወይስ አይደለም ለሚለው ጥያቄያቸው ራሳቸው መልስ ያገኛሉ። ሌሎች ትልልቅ የፕሮግራም መጻፊያዎች «አንድ ሰከንድ ቆይ» የሚል አንድ ቃል ይሰጣሉ፤ ተማሪው ቃሉን ይጽፋል፥ መብራቷም ትታዘዛለች፥ ሰከንዱ ከየት እንደ መጣ ግን ማንም አይነግረውም። ሥራው ሲበዛና ሲወሳሰብ በሲ ቋንቋ መጻፍ እንደሚሻል አንክድም፤ በገጣጣሚ ሁሉን ነገር እንጻፍ የሚል ሰው ጊዜው የበዛለት መሆን አለበት። ለመጀመሪያ ትምህርት ግን እያንዳንዱ ምት የሚቈጠርበት መንገድ ይህ ነው።

ፕሮግራሙ ተጽፎ ሲያልቅ በጥቁሩ መስኮት ላይ «አቭራ» የሚለው ስም፥ ከአጠገቡም የፋይሉ ስም ተጽፎ የመግቢያው ቍልፍ ይነካል። ገጣጣሚው ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ያነብባል። በመጀመሪያው ንባብ መለያ ስሞች በየትኛው አድራሻ ላይ እንዳሉ ይመዘግባል፤ በሁለተኛው ይተረጕማል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢያነብብ፥ ገና ወደ ፊት ወደሚመጣ ቦታ ዝለል የተባለበትን ትእዛዝ መተርጐም አይችልም ነበር። ስሕተት ሲያገኝ የፋይሉን ስም፥ የመስመሩን ቁጥርና ጕዳዩን ባጭሩ ይጽፋል። ለምሳሌ «ኤል ዲ አይ» የሚሠራው ከ16ኛው እስከ 31ኛው ባሉት ሬጅስተሮች ላይ ብቻ ስለሆነ፥ በ5ኛው ላይ ጫን ቢባል አይቀበልም። ከትእዛዙ ጋር «ኤል» የሚል ምልክትና የፋይል ስም ቢጨመርለት ደግሞ ዝርዝር ያወጣል፤ በዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ጐን አድራሻውና የተተረጐመበት ቁጥር ሰፍሮ ይታያል። እኛ ይህን ዝርዝር ከሁሉ አብልጠን እንወደዋለን፤ የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ለለመደ ሠራተኛ ወዲያው ይገባዋል።

ወደ ቺፗ የሚላከው ፋይል ሄክስ ይባላል። ከፍተው ቢያዩት እያንዳንዱ መስመር በሁለት ነጥብ ይጀምርና፥ ስንት ባይት እንደ ያዘ፥ በየትኛው አድራሻ እንደሚቀመጥና ምን ዐይነት መስመር እንደ ሆነ ይናገራል፤ በመጨረሻም የማረጋገጫ ቁጥር አለው። የማረጋገጫው ቁጥር የሚመረጠው የመስመሩ ባይቶች ሁሉ ተደምረው ከ256 የሚተርፍ ነገር እንዳይኖር ተደርጎ ነው። በደብዳቤ ግርጌ የአባሪውን ብዛት የምንጽፈው ተቀባዩ ቈጥሮ እንዲረከብ አይደለምን? አሳቡ ያው ነው። ፋይሉን ወደ ቺፗ የሚያደርሰው ሌላ ፕሮግራም፥ አቭርዱድ የሚባለው፥ በመጀመሪያ ቺፗን ማንነቷን ይጠይቃታል፤ ኤቲታይኒ 13 መለያዋ 1ኢ 90 07 ነው። ከጻፈም በኋላ መልሶ አንብቦ ያመሳክራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን የማይዛቸው ስሕተቶች አሉ፤ ለቤተሰቡ የምንነግረው ዋና ነገርም እነዚህን የሚመለከት ነው። በፕሮግራሙ ራስ ላይ የቺፗን የአድራሻ ስሞች የያዘ ፋይል ይጠራል። አንድ ሰው ከሌላ ቦታ በቀዳው ፕሮግራም ላይ ኤቲሜጋ 328 የተባለችው ትልቋ ቺፕ ፋይል እንደ ተጠራ ቢተወው፥ ገጣጣሚው አንድም ቃል ሳይተነፍስ ይተረጕምለታል። የእግሮቹን አቅጣጫ የሚወስነው አድራሻ በትንሿ ቺፕ 23፥ በትልቋ ግን 4 ነው፤ መብራቷ አትበራም፥ የተሳሳተ መስመርም አይገኝም። እንዲሁም 10 ሲጻፍ አሥር ነው፤ ከፊቱ ዜሮና ኤክስ ሲጨመርበት አሥራ ስድስት፥ ዜሮና ቢ ሲጨመርበት ሁለት ይሆናል። ገጣጣሚው የተጻፈለትን እንጂ የታሰበውን አይጠይቅም።

እነዚህ ተመልሰው የሚታረሙ ናቸው። አስጊው ፊውዝ የሚባለው ነው። ስሙ ከቤታችን የኤሌክትሪክ ፊውዝ ቢዋስም የሚቃጠል ነገር የለበትም፤ ቺፗ ገና ስትነሣ የምታነብባቸው ጥቂት ምልክቶች ናቸው። አንደኛው የሰዓቱን ምት ለስምንት ያካፍላል፤ ቺፗ በራሷ በሰከንድ 9,600,000 ምት ያላት ሆና ሳለ 1,200,000 ብቻ የምንቈጥረው በእርሱ ምክንያት ነው። እርሱ ቢነሣ መብራቷ ስምንት እጅ ፈጥና ትርገበገባለች እንጂ ሌላ ጉዳት የለም። ሌላው ምልክት ግን 1ኛውን እግር ከመቀስቀሻነት አውጥቶ ተራ እግር ያደርገዋል። አቭርዱድ በተለመደው ገመድ ወደ ቺፗ የሚገባው በዚያ እግር በኩል ስለሆነ፥ በሩ ከውስጥ ተቈለፈ ማለት ነው፤ ለመክፈት 12 ቮልት የሚሰጥ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሦስተኛም አለ፤ የሰዓት ምት ከውጭ ይምጣልኝ የሚለው ነው። ከውጭ የሚመታላት ነገር ከሌለ ቺፗ ዝም ትላለች፥ ጀማሪውም ሞተች ብሎ ይጥላታል።

አደናጋሪው ነገር፥ በፊውዝ ዘንድ 0 ማለት ተመርጧል፥ 1 ማለት አልተመረጠም መሆኑ ነው። ሌላው ሁሉ በ1 ሲበራ ይህ በ0 ይበራል። ስለዚህ ከፋብሪካ የወጣችው ቺፕ ላይኛው ፊውዝ ኤፍ ኤፍ ሆኖ ሲነበብ ሁሉም በርቷል ማለት ሳይሆን፥ ሁሉም ጠፍቷል ማለት ነው። ታችኛው 6ኤ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ መለጠፍ ይገባል። በአቭርዱድ ትእዛዝ ላይ ፕሮግራም ለመጻፍና ፊውዝ ለመጻፍ የሚለየው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እጅ ከለመደው የቀደመውን ትእዛዝ መልሶ ማምጣትና ሳያነብቡ የመግቢያውን ቍልፍ መንካት ቀላል ነው። ልጅቱ ፊውዝ ለመጻፍ በፈለገች ጊዜ አስቀድማ እንድታነብብ፥ ያነበበችውን እንድትመዘግብ፥ ከዚያም አባቷ ወይም ወንድሟ መስመሩን ጮክ ብሎ እንዲያነብብላት እንመክራለን። አንብቦ ለመስማት ቴክኒክ ማወቅ አያስፈልግም። እስከዚያ ድረስ ለሚያበራና ለሚያጠፋው ፕሮግራም ፊውዝ መንካት ከቶ አያስፈልጋትም።

አንዳንድ ተማሪዎች ከላይ ያለውን ሒሳብ ካዩ በኋላ፥ ሰከንዱን ፍጹም ለማድረግ ትእዛዝ እየጨመሩ ይደክማሉ። ድካሙ ከንቱ ነው። የቺፗ የውስጥ ሰዓት ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ መቶኛ 10 ድረስ ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ ይችላል፤ የግድግዳ ሰዓት ሊሠራባት የሚፈልግ ሰው ሌላ ቺፕ ይፈልግ።

ደግሞም ይህ አቈጣጠር ቺፗን ሌላ ሥራ ያስፈታታል፤ በምትቈጥርበት ጊዜ ቍልፍ ቢነካ አታይም። በውስጧ ግን ሳይጠሩት የተቀመጠ አንድ ቈጣሪ አለ፤ ምቱን ለ1,024 እንዲያካፍል ቢታዘዝ፥ በየ0.218 ሰከንድ ያህል አንድ ጊዜ ሞልቶ ራሱ ያሳውቃል፥ እርስዋም በመካከሉ ሌላ ትሠራለች። እርሱን እንዴት ማዘዝ እንደሚቻል በሚቀጥለው ቁጥር እንጽፋለን፤ ልጅቱም እስከዚያ 256 የሚለው ቁጥር በዚያም ለምን እንደሚመጣ ታስብበት።